ቁርስ ቤቱ ለቅሶ ቤት የሆነ ዕለት

ሆቴል የሚባለውን ነገር ለብዙ ዓመታት የማውቀው በጓሮ በኩል ብቻ ነበር። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ክሪስታል ሲቲ ውስጥ አንድ ትልቅ ሆቴል አልጋ አነጥፍ ነበር፤ ቆይቶ የአንጣፊዎቹ ሱፐርቫይዘር ሆንኩ። የሰው ፀጉር ከገንዳ ስለቅም፣ የትራስ ልብስ ስገለብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። እኔ ራሴ ግን ከፍዬ ሆቴል አድሬ አላውቅም። ማን ያድራል? እኛ ዘንድ ሰው ሌላ ከተማ ሲሄድ የሚያርፈው ዘመድ ቤት ነው። ዘመድ ባይኖር የዘመድ ጓደኛ አይጠፋም። ሳሎን ላይ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ልጆች ከአልጋቸው ይባረራሉ፣ ወሬው ይቀጥላል። ባዶ ክፍል ተከራይቶ መተኛት ሰው የሌለው ሰው ሥራ ይመስለን ነበር።

ስለዚህ ለጓደኛዬ ደሴት ላይ ሞቴል ይዤ ቅዳሜና እሑድን እዚያ እናሳልፍ ስላት ሳቀችብኝ። «ማን አለን እዚያ?» አለችኝ። ማንም የለንም፣ እሱ ነው ቁም ነገሩ አልኳት።

ከእሷ ጋር የተዋወቅነው ገና አሜሪካ እንደመጣን፣ አዳምስ ሞርጋን ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት አብረን ስናስተናግድ ነው። በኋላ እሷ አግብታ አሌክሳንድሪያ ገባች፤ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ቀረሁ። በዚያን ጊዜ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራ ነበር፣ ያውም ሁለት ፈረቃ ደርባ። የዕረፍት ቀን ስታገኝ ለራሷ አታውለውም፤ ወይ የሰው ሠርግ ላይ ወጥ ስትሠራ፣ ወይ የወለደች ስትጠይቅ፣ ወይ አንዱን አዲስ ገቢ ለሥራ ለሚጠየቀው ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ስታመላልስ ያልቃል። እኔ ደግሞ ምላሴ ቶሎ ይቀድመኛል፤ አንድ ቀን በሽተኞቹን ስታገላብጥ ወገቧ ተይዞ አልጋ ላይ ተኝታ ሳገኛት፣ «ስትሞቺ ነው ወይ የምታርፊው?» አልኳት። ባሏ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። በሳምንቱ ደውላ «እሺ፣ የት ነው ያልሽው ደሴት?» አለችኝ።

ቺንኮቲግ ይባላል። ከትልቁ ድልድይ፣ ከቤይ ብሪጅ ማዶ፣ የእርሻውን አገር አቋርጠው ወደ ቨርጂኒያ ጠረፍ ሲወርዱ የሚገኝ ትንሽ ደሴት ነው። እኔ የሰማሁት ከሆቴላችን እንግዶች ነው። ሞቴሉን የመረጥኩት በሥራዬ ልማድ ነበር፤ ኢንተርኔት ላይ የባሕሩን ፎቶ ትቼ የመታጠቢያ ቤቶቹን ማዕዘን አየሁ። ንጹሕ ነበር። ቀኑን ደግሞ የቆረጠልን ጾም ነው፤ የሰኔ ጾም ተፈትቶ ፍልሰታ ሳይገባ ባለችው ቀዳዳ ካልሄድን መቼም አንሄድም ተባባልን። ልጇን ለባሏ ትታ ዓርብ ጠዋት በእኔ መኪና ወጣን።

መንገዱን ሙሉ ስለ እናቷ ነበር የምታወራው። እዚህ ላይ ስለ እናቷ ካልነገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። ጓደኛዬ ልጇን ስትወልድ እናቷ ከደሴ መጥተው ግማሽ ዓመት ያህል አሌክሳንድሪያ ከርመው ነበር። እኔ እናቴን በሕፃንነቴ ነው ያጣሁት፤ መልኳንም በፎቶ ነው የማውቀው። ይህን የሰሙ ዕለት «ውይ» እንኳ አላሉም። ከዚያ በኋላ ግን በኦፍ፣ በዕረፍት ቀኔ ሳልመጣ ከቀረሁ ያስደውሉልኝ ጀመር። «የት ቀረች ያቺ ልጅ? ምሳዋ ቀዘቀዘ በይልኝ» ይላሉ። ድርሻዬን ለይተው ያስቀምጣሉ፤ አማቻቸው እንኳ አይነካትም።

አንድ ቀን ሥራሽን ካላሳየሽኝ አገሬ አልገባም ብለው ክሪስታል ሲቲ ድረስ መጡ። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ሎቢው ውስጥ ሲቀመጡ ማኔጀሬ እንግዳ መስለውት ሻይ አስመጣላቸው። ያነጠፍኩትን አልጋ ካላየሁ ሲሉ ባዶ ክፍል አስገባኋቸው። አንሶላውን በእጃቸው ዳበሱና «እዚህ ላይ ተኝቶ የሚሄደው ሰው ይመርቅሻል?» አሉኝ። ኧረ አያየኝም አልኳቸው። «እንግዲያው እኔ ልመርቅሽ» ብለው እዚያው አልጋው አጠገብ ቆመው መረቁኝ፤ እኔም ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ እጄን ዘርግቼ አሜን አልኩ። ወደ ደሴ ከተመለሱ በኋላ ልጃቸው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ ትደውልላቸዋለች። እኔ አጠገቧ ካለሁ ስልኩ ለእኔ ሳይሰጥ አይዘጉም ነበር።

ደሴቱ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ሞቴሉ ባለ አንድ ፎቅ ነው፣ በሮቹ ወደ መኪና ማቆሚያው ይከፈታሉ፤ በአንድ ጫፍ ቢሮ፣ በሌላው ጫፍ ጠዋት ጠዋት ለእንግዳ ቁርስ የሚቀርብባት ሰፊ ክፍል አለች። የሞቴሉ ባለቤት አንዲት ቀጭን ነጭ አሮጊት ናቸው፤ ቁልፍ ሲሰጡን ከሰማንያ ዓመት በፊት እዚሁ ደሴት ላይ መወለዳቸውን ሳንጠይቃቸው ነገሩን። ጓደኛዬ ክፍሉ ውስጥ ገብታ አልጋው ላይ በጀርባዋ ተዘረጋች። ማንም ሰው እንዲህ ሲተኛ አይቼ አላውቅም፤ ሰውነቷ ሁሉ የአልጋውን ፈቃድ የጠበቀ ይመስል ነበር። እኔ ደግሞ አንሶላው ጥጉ ላይ በደንብ እንዳልታጠፈ አይቼ ላስተካክል ስል «ተይው ወዲያ፣ ዛሬ እንግዳ ነሽ» ብላ ጮኸችብኝ።

በረዶ ላመጣ ወጣሁ። የበረዶው ማሽን ደጅ፣ ደረጃው ሥር ነው። ባልዲውን ሞልቼ ልመለስ ስል የጓደኛዬ ባል ኮል አደረገልኝ።

«አብራሽ ናት?» አለኝ። ክፍል ውስጥ ናት አልኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስሚ፣ ፕሊስ፣ ፊትሽ ላይ እንዳይታወቅብሽ። እናቷ ዐርፈዋል» አለኝ።

ምን እንዳልኩት አላስታውስም። የቀረውን እሱ ነው የተናገረው። ጠዋት ደሴ ላይ ልባቸው ቆመ፤ ቀብሩም ከሰዓት ተፈጽሟል፤ ለእሱም የተደወለለት ከቀብር መልስ ነው። ብትሰማም አትደርስም። የጽዋ ማኅበራችንን ትልቋን ሴት አማክሯል፤ የተቆረጠው፣ እሑድ ማታ ስንመለስ እቤቷ ገብታ ትደር፣ ሰኞ ማለዳ እንደ ወጉ ሰው ተሰብስቦ ይነገራት የሚል ነው። እስከዚያ ስልኳን አደራ አለኝ። ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፉ ደሴ ያሉትን ለምኗል፣ ግን ሰው አይታመንም። «አንቺ ነሽ ያለሽኝ» ብሎ ዘጋው።

ተናደድኩ። ሐዘኑ ከመምጣቱ በፊት ንዴቱ ነው የመጣው፤ በእሱ፣ በማኅበሩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ፊቴን እንደ በር ቆልፌ እንድውል በፈረደብኝ ወግ ሁሉ ተናደድኩ። ወጉን ግን አውቀዋለሁ። ብቻውን ያለ ሰው በስልክ ተረድቶ ራሱን ከግድግዳ ያላተመ፣ ሀይዌይ ላይ መሪ የለቀቀ ሰምተናል። ሰው መርዶ የሚሰማው የሚይዘው እጅ አጠገቡ ሲኖር ነው። እኔን ግን ማን ይይዘኛል ብዬ አላሰብኩም፤ በእውነት ትዝም አላለኝ። በረዶው ባልዲው ውስጥ መቅለጥ ሲጀምር ፊቴን በእሱ አሻሽቼ ገባሁ።

«ምነው ቆየሽ?» አለችኝ። ማሽኑ አስቸገረኝ አልኳት።

ስልኳን ለመቀበል ዋሸሁ። ሆቴላችን የሚመጡ ሀብታሞች የሚያርፉት ስልካቸውን ሲቆልፉበት ብቻ ነው፣ አልጋ ላይ ስልክ ይዘው የሚጋደሙት ደክሟቸው እንደመጡ ደክሟቸው ይሄዳሉ አልኳት። አመነችኝ። ልጅሽ ካስፈለገሽ ባልሽ በእኔ ይደውላል ስላት፣ ስልኳን አጥፍታ ሰጠችኝና የመኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እንዲህ ቶሎ ማመኗ አንጀቴን በላው።

የዚያን ዕለት ራት የበላነው ሸርጣን ቤት ነው። ደሴቱ ላይ ሌላ ምግብ ያለ አይመስልም። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ቡናማ ወረቀት ይዘረጋል፣ ለየሰዉ የእንጨት መዶሻ ይታደላል፣ ሰዉ ሁሉ ሸርጣኑን እየቀጠቀጠ ይመጠምጣል። እሷ ዙሪያዋን አየችና «ይሄ ምግብ ነው ወይስ ኮንስትራክሽን?» አለችኝ። ሸርጣን አንበላም፣ ዓርብ ደግሞ ጾም ነው፤ ስለዚህ በቆሎና ድንች አዘዝን። ቅቤ እንዳይነካው ስትላት አስተናጋጇ አለርጂ አለብሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። «አዎ፣ ዓርብ ዓርብ የሚነሳብኝ» ብላ መለሰችላት። ልጅቷ አዝና ጻፈችው። ጓደኛዬ ሳቋን መያዝ አቅቷት መዶሻውን አንስታ በቆሎውን መታችው፤ ፍሬው እስከ ጎረቤት ጠረጴዛ ተፈናጠረ። እዚያ የተቀመጡት ባልና ሚስት አጨበጨቡላት። እኔም ሳቅኩ። 

ቅዳሜ ጠዋት ትንሿን ድልድይ ተሻግረን ከማዶ ወዳለው የባሕር ዳርቻ ሄድን። እዚያ ረግረጉ ውስጥ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች አሉ። ሣር ይግጣሉ፣ ሰው ሲያያቸው ግድ የላቸውም። ጓደኛዬ መኪናዋን አቁሚ አለችና ወርዳ አጥሩ ላይ ተደገፈች። «ጌታ የላቸውም?» አለችኝ። የላቸውም አልኳት። «ማን ይጭናቸዋል ታዲያ?» ማንም። ይህ ነገር በጣም ገረማት። የወሎ ልጅ ናት፤ ሳይጫንና ሳይለጎም የሚያረጅ ፈረስ አይታ አታውቅም። «ስልኬን አምጪልኝ፣ ለእማዬ ፎቶ ላንሳላት» አለችኝ።

በእኔ ላንሳሽ አልኳት። እሺ ብላ ፈረሶቹን ከኋላዋ አድርጋ ቆመች፤ ከዚያ ፎቶ አይደለም ቪዲዮ ይሁን አለች። «እማዬ፣ ታይኛለሽ?» አለች ወደ ስልኩ እያየች። «ፈረሶቹን አየሻቸው? ጌታ የላቸውም እኮ። ሥራም የላቸውም። እኔም ዛሬ እንደነሱ ነኝ። ቪዛው ከመጣ እዚህ አመጣሻለሁ፣ እሺ?» ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ቀረጽኳት። ቪዲዮው እስከ ዛሬ አለኝ፤ ከፍቼ ግን አይቼው አላውቅም።

ባሕሩ ጋ ስንደርስ እስከ ወገቤ ገባሁ። ዋና አልችልም። ዝም ብዬ ማዕበሉ ሲመጣ ፊቴን እየሰጠሁት ቆምኩ፤ እዚያ ላይ ማንም ምን ሆንሽ አይልም። እሷ ከኋላዬ አሸዋው ላይ ተቀምጣ እግሯን በአሸዋ ትቀብራለች፣ ታወጣለች። ሳገላብጣቸው ወገቤን ጨረሱት የምትላቸውን የመጦሪያውን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እዚህ ባመጣቸው ትላለች። ከሥራ መልስ ስታዛጋ እንጂ እንዲህ ስትቀመጥ አላየኋትም። አንድ ጊዜ ዞሬ ሳያት፣ ይህን ፊት ሰኞ ማለዳ እንደሚያጠፉባት አሰብኩና ሰኞ ባልመጣ አልኩ።

ምሳ ወደቡ ጋ ባለች ትንሽ የእንጨት ቤት ዓሣ በላን። ሁለት ጠረጴዛ ደጅ አላት፣ ዓሣው የዚያን ጠዋት የወጣ ነው። ጓደኛዬ ሹካውን አስቀምጣ በእጇ ትበላ ጀመር፤ አጥንቱን እየለቀመች ነጩን ሥጋ ጠቀለለችና «እንቺ» ብላ አጎረሰችኝ።  «ሁለተኛውን ካልጎረስሽ እንጣላለን» አለች። ጎረስኩ።

አመሻሹ ላይ ክፍላችን ተመልሰን አዲስ ነገር አመጣች። እሑድ ማታም እዚሁ እንደር፣ ሰኞን ኦፍ አስገባለሁ አለችኝ። ምን ልበላት? አይሆንም ብላት ለምን ትላለች፤ እሺ ብላት ሰዉ ሰኞ ማለዳ ባዶ ቤት ሊያንኳኳ ነው። ባልሽን ጠይቂው አልኳትና ስልኬን ሰጠኋት። ድምፁን ክፍት አድርጋ ጠየቀችው። «እሺ የኔ እመቤት፣ እረፊ» አለ፤ ድምፁ ተሰብሯል። ስልኩን ዘግታ «ምን ነክቶት ነው እንዲህ የለሰለሰው? ቶሎ ቶሎ መምጣት አለብን» ብላ እየሳቀች ልትታጠብ ገባች።

ውኃው እንደተከፈተ ወጥቼ ደወልኩለት። «እምቢ ልላት አልቻልኩም» አለኝ። «ከተጋባን ጀምሮ ለራሷ አንድ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም እኮ» እያለ ያለቅሳል። ከጎኑ ትልቋ ሴት ነበሩ፤ ስልኩን ተቀበሉት። ሳሎኑ ውስጥ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማኛል። እሳቸው አያለቅሱም፣ ሲናገሩም አያንዛዙም።

«ነገ እሑድ ነው» አሉኝ። «ይቺ ልጅ እሑድ ለእናቷ ሳትደውል አትውልም። ስልክ አምጪ ብትልሽ ምን ትያታለሽ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«ስለዚህ እኛ እንመጣለን። ሌሊቱን ተነድቶ ማለዳ እንደርሳለን። ቅዳሴ ያመልጠናል፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ማረፊያችሁ ሰው የሚሰበሰብበት አለው?»

ቁርስ ቤቷ ትዝ አለችኝ። እጠይቃለሁ አልኳቸው።

አሮጊቷ ቢሮ ውስጥ ቴሌቪዥን እያዩ ነበር። በእንግሊዝኛ መርዶን ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል። የጓደኛዬ እናት ሞተዋል፣ እሷ አታውቅም፣ ነገ ማለዳ ሰዎች ሊነግሯት ከዋሽንግተን ይመጣሉ፣ ቁርስ ቤቱን ያከራዩናል ወይ አልኳቸው። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው አሉኝ። ከትናንት አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ፤ ፖሊስ የሚጠሩ መሰለኝ። ስንት ሰው ነው አሉ። አላውቅም አልኳቸው፤ እውነቴን ነው፣ እኛ ዘንድ ለቀስተኛ ተቆጥሮ አይመጣም። ለምን አንድ ሰው አይደውልላትም ብለው ሲጠይቁኝ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ነገር አፌ ላይ መጣ፤ ስልክ ክንድ የለውማ አልኳቸው።

ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ልጅ እያሉ እዚህ ደሴት ላይ ዓሣ ሊያጠምድ የወጣ ሰው ባሕር ሲበላው ቄሱና ጎረቤቱ ሁሉ በእግራቸው ወደ ቤቱ ይሄዱ እንደነበር ነገሩኝ። ሚስቶች ሰዎቹ በመንገዱ ሲመጡ በመስኮት ያያሉ፤ የማን ቤት ጋ እንደሚቆሙ እስኪታወቅ ሁሉም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እናታቸው ጋ አንድ ጊዜ ቆመዋል። ክፍሉን አላከራይሽም፣ እሰጥሻለሁ አሉኝ። ለሌሎቹ እንግዶች ቁርሱን ደጅ አቀርባለሁ ብለው የክፍሉን ቁልፍ ከቀለበቱ ፈትተው በእጄ አስያዙኝ።

እሑድ ገና ሲነጋ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ መቁጠሩ ጠፋብኝ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። የአሌክሳንድሪያዎቹ በእነሱ፣ የሲልቨር ስፕሪንጎቹ በእነሱ መኪና፤ ከጀርመንታውን ሁሉ የመጡ ነበሩ። ጥቁር የለበሱ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድስትና ትሪ ተሸክመው፣ ጃንጥላና የመዋኛ ጎማ በታሰረባቸው መኪናዎች መካከል ድምፅ ሳያሰሙ ያልፋሉ። አንድ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዞ የወጣ ሽማግሌ እንግዳ አያቸውና ቆቡን አወለቀ።

ጓደኛዬን ቀሰቀስኳት። ዛሬ ቁርሱ ቀደም ይላል፣ ነዪ አልኳት። በነጠላ ጫማ፣ ትናንት የገዛችውን የፈረስ ሥዕል ያለበት ሰፊ ካናቴራ እንደለበሰች ተከተለችኝ። ዋፍል ካለ ሁለት ነው የምበላው እያለች ነበር። በሩን ከፈትኩላት።

ወንበሮቹ ግድግዳውን ተከትለው ዞረዋል። ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። እሷ በሩ ላይ ቆመችና ዓይኗ አንድ በአንድ ይዞራቸው ጀመር። ምን እያደረገች እንደሆነ ገባኝ፤ ማን እንደጎደለ እየፈለገች ነው። ባሏን አየችው። ልጇን ከጎኑ አየቻት፤ ትንፋሿ ወጣ። ማኅበርተኞቹን አየች። ከዚያ እዚያ ክፍል ውስጥ ሊኖር የማይችል ሰው ብቻ ቀረ።

«እማዬ?» አለች።

ትልቋ ሴት ፊቷ ቆሙ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር የወደደውን አድርጓል። እናትሽ ዐርፈዋል» አሏት።

የጮኸችው ጩኸት ደሴቱን ያዳረሰ ይመስለኛል። ስትወድቅ የያዟት እጆች ብዙ ነበሩ፤ መሬት አልነካችም። እንደዚያ ስትያዝ ሳይ በወጉ ላይ የነበረኝ ንዴት ሁሉ ጠፋ። እኔ እንባዬን ጠብቄው ነበር፤ አልመጣም። ሁለት ቀን አትምጣ ስለው ከርሜ ይመስለኛል፣ በቃ እጄ ሥራ ፈለገ። ክፍላችን ሄጄ ፍራሹን አወረድኩ፣ እየጎተትኩ አምጥቼ መሬት ላይ አነጠፍኩላት። ትሪ ተቀበልኩ፣ ውኃ አዞርኩ፣ የዋፍሉን ማሽን ነቅዬ ለድስቶቹ ቦታ አበጀሁ። ወንዶቹ ደጅ የመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ባሉት የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተደርድረው አንገታቸውን ደፍተዋል። አሮጊቷ እዚያው በረንዳ ላይ ለእንግዶቻቸው ቁርስ ያቀርባሉ። ዓርብ ዕለት ያጨበጨቡላት ባልና ሚስት ለካ እዚሁ ሞቴል ነበሩ፤ በሩ ላይ መጥተው ምን እናድርግ ብለው ጠየቁኝ። ተቀመጡ አልኳቸው። ገብተው ተቀመጡ፣ ምንም አልተናገሩም፤ ትክክለኛው ነገር ያ መሆኑን ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ ጓደኛዬ ጸጥ አለች። ባሏ ይዞላት የመጣውን ጥቁር ቀሚስ አልብሰዋት ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ እኔን ፈለገኝ። «መቼ ነው?» አለችኝ።

«ዓርብ ጠዋት» አልኳት።

«በቆሎውን ስበላ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ፈረሶቹ ጋስ?»

«አዎ።»

 ባሏ ከበሩ ሆኖ እኔ ነኝ ደብቂ ያልኳት፣ በእሷ ላይ እንዳትፈርጂ ማለት ጀመረ። እሷ አልሰማችውም። እኔን ብቻ ታየኛለች። የፈለገችውን ብትናገረኝ ልቀበል ተዘጋጅቼ ትሪውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«አንቺን ማን አረዳሽ?» አለችኝ።

አልገባኝም። «እኔን?»

«አንቺን። ለእኔ ይሄ ሁሉ ሰው መጣ። ለአንቺ ማን መጣልሽ?»

ባሏን አየሁት፤ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። «በስልክ ነው የሰማሁት» አልኩ።

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ፍራሹ ላይ ፈቀቅ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ትሪውን አንዷ ከእጄ ወሰደችው፤ ሌሎቹ ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። ጓደኛዬ ወደ ትልቋ ሴት ቀና ብላ «እማማ፣ ይቺን ማንም አላረዳትም። እሷም ልጃቸው ናት፤ ይንገሯት» አለቻቸው።

ሴትዮዋ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ፊቴ መጥተው ቆሙ። ሰዉም ሁሉ እንደ ገና ብድግ አለ።

«ልጄ» አሉኝ። «እግዚአብሔር የወደደውን አድርጓል። እናትሽ ዐርፈዋል።»

እኔም ምንም እንዳልሰማ ሰው ጮኼ አለቀስኩ።